ለስድስት ቦክሰኞች የፈረምኩት ወረቀት

ነገሩ የጀመረው ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ከምሳ ተመልሼ የላቦራቶሪውን በር እየከፈትኩ ስለነበር ነው። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ከሰቆጣ ወደ ደሴ የሚሄደው የቦክስ ቡድን መሪ አቶ ተስፋሁን ናቸው። ሁለተኛው አሰልጣኙ ኢብራሂም ነው። አባቱ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሱ ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ጆንያ በአሸዋ ሞልቶ፣ ከጣሪያው ላይ አንጠልጥሎ ልጆች ያሰለጥናል።

አቶ ተስፋሁን አንድ ደብዳቤ ሰጡኝ። ውድድሩን የሚያዘጋጁት ሰዎች እያንዳንዱ ቦክሰኛ ከአበረታች መድኃኒት ነፃ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጦ እንዲመጣ ጠይቀዋል። በምን ዓይነት ምርመራ እንደሆነ ግን አልጻፉም። ክርክሩም ይኸው ነበር።

«ደም ነው የሚያስፈልገው፣ ሲስተር» አሉኝ አቶ ተስፋሁን። «የወንድሙን ሽንት አምጥቶ ቢሰጥሽ በምን ታውቂያለሽ? ደም ግን ከክንዱ ሲቀዳ ሁላችንም እናየዋለን።»

ሲስተር አልነበርኩም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ሲጠራኝ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላረምኩም።

«ሽንት ይበቃል፤ ሰኞ የሚጓዝ፣ ሐሙስ የሚጋጠም ልጅ እኮ ነው» አለ ኢብራሂም። «ደሙን ቀድታችሁ ስትጨርሱ በምን ይመታልኛል? ደም ከፈለጋችሁ ሐሙስ ዕለት አፍንጫው ሥር ብርጭቆ ያዙ።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ደብዳቤውን እንደገና አነበብኩት።

ዛሬ ያ ላቦራቶሪ የእኔ አይደለም። ጡረታ የሚያስወጣ ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፤ ሥራዬን ነው የቀየርኩት። ከእንግዲህ ለጤና ተማሪዎች የላቦራቶሪ ትምህርት አስተምራለሁ። ቁልፉን ባስረከብኩበት ቀን ባልደረቦቼ የሥራ ዘመኔን በጽሑፍ እንድተውላቸው ጠየቁኝ። አፍ አውጥቼ ከመናገር መጻፍ ስለሚቀለኝ እሺ አልኩ። ስለ ደመወዝና በሦስት ኮፒ ስለሚሞላው ወርኃዊ ሪፖርት የምለው ብዙ የለኝም። ደመወዙ ያኖረኝ ነበር፤ ሪፖርቱንም በሰዓቱ ልኬያለሁ። ልጽፍ የምፈልገው ስለ ሥራው ራሱ፣ ስላስተማረኝ ሰውና አንድ ጊዜ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው።

የተወለድኩት ሰቆጣ ነው። ጎንደር ተምሬ ስመለስ በመጀመሪያ የተመደብኩት ቆላው ሰሃላ ወረዳ ነበር። ከመኪና ወርደን ቀሪውን መንገድ በእግር ሄድን፤ ማይክሮስኮፑ በአህያ ላይ ተጭኖ፣ እኔ ከጎኑ ሳጥኑን በእጄ ደግፌ። እዚያ መብራት የለም። ማይክሮስኮፑ በመስተዋት ነው የሚሠራው፤ ከመስኮት የሚገባውን የፀሐይ ብርሃን መስተዋቱ ተቀብሎ ወደ ስላይዱ ይልካል። ደመና በመጣ ቁጥር ሥራ ይቆማል። ጠዋት በምሥራቁ መስኮት፣ ከሰዓት በምዕራቡ እየተቀመጥኩ አንድ ዓመት ሙሉ ፀሐይን ተከትዬ ሠራሁ። በዚያ ዓመት ያየሁት ወባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአራት ዓመት ካየሁት ይበልጣል። አለቃዬ የነበሩት ነርስ ቁጡ ሰው ነበሩ። ሆኖም «አልታየም» ብዬ የጻፍኩትን ውጤት «ታየ» አድርጊው ብለውኝ አያውቁም፤ እንዲህ ያለ አለቃ ብዙ አይገኝም።

ከዚያ ወደ ሰቆጣ ተዛወርኩና ጋሽ ፈንታውን አገኘሁ። ጋሽ ፈንታው ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። በድሬሰርነት ጀምረው፣ ኮርስ ወስደው፣ ዕድሜያቸውን በማይክሮስኮፕ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ከገጠር የመጣውን በኽምጥኛ፣ የከተማውን በአማርኛ ያናግራሉ። በሁለቱም ቋንቋ ግን የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ነው። የማንንም ብልቃጥ ከመንካታቸው በፊት ሰውዬውን ያስቀምጡና ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ፣ መቼ ይሉታል። መልሱን በወረቀቱ ራስጌ ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጓንት የሚያጠልቁት።

እኔ ይህን ልማድ አላወቅሁበትም። ወንድ ፊት ለፊት አስቀምጬ ምን ጠጣህ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። ዓይን ማየት አልወድም፤ የማየው ክንድ ነው። ደም ስር በማግኘት ግን ማንም አይበልጠኝም ነበር። ክንዱ ሲታሰር በጣቴ ዳብሼ ብቻ አገኘዋለሁ፤ ሕፃናትም ሳያለቅሱ ይወጣሉ። ጋሽ ፈንታው ይህን አይተው «እጅሽ ጎበዝ ነው፤ አፍሽ ግን ገና ሥራ አልጀመረም» ይሉኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ስላይድ አይተው ምንም ካጡ ተነሥተው ግቢውን አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ተመልሰውም ከዳር ጀምረው እንደ አዲስ ያያሉ። ዓይን ይሰለቻል፣ የሰለቸ ዓይን ደግሞ የለም ማለት ይቀናዋል ባይ ናቸው። አንድ ቀን በትኩሳት የምትንቀጠቀጥ ሴት ደም አይቼ «ወባ አልታየም» ብዬ ልፈርም ስል ግቢውን ዞሬ እንድመጣ አዘዙኝ። ዞርኩ። ተመልሼ ከዳር ስጀምር፣ በቀይ ሴሎቹ መካከል እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ ቀጭን ነገር ተኝቶ አየሁ። በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት ነበር። ሴትዮዋ በዚያው ቀን ትክክለኛውን መድኃኒት አገኘች። በሳምንቱ ዶሮ ይዛ መጣችና ጋሽ ፈንታው «ለእሷ ነው፣ ያየችው እሷ ናት» ብለው ወደ እኔ ላኩልኝ። በሥራ ዘመኔ ከተቀበልኩት ምስጋና ሁሉ ያ ይበልጥብኛል።

እንግዲህ አቶ ተስፋሁንና ኢብራሂም በመጡበት ዓርብ ጋሽ ፈንታው አልነበሩም። ለወባ ቅኝት ሰሃላ ወርደው ነበር። ላቦራቶሪው በእኔ እጅ ነበር።

ለሁለቱ ሰዎች የማውቀውን ነገርኳቸው። አንዳንዱ መድኃኒት በሽንት ውስጥ ብዙ ቀን ይቆያል፤ አንዳንዱ ደግሞ በደም ካልሆነ አይገኝም። ስለዚህ ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን ደሙንም ሆነ ሽንቱን መርምሮ የመድኃኒቱን ስም የሚያወጣ መሣሪያ ሰቆጣ ውስጥ የለም። ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለተናገርኩት ይመስለኛል፣ አቶ ተስፋሁን እንዳልሰማ ሰው አለፉት። ያለሽን መርምሪና ጻፊ አሉኝ። ስድስቱ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ሽንት እንዲሰጡ፣ የሚያጠራጥር ካለ እሑድ ደሙ እንዲቀዳ ተስማማን።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ከስድስቱ አምስቱ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ብልቃጡን ተቀብለው ሲወጡ እየተሳሳቁ ይገፋፉ ነበር። ስድስተኛው ሙላው ይባላል። የደሃና ወረዳ ገበሬ ልጅ ሲሆን ሰቆጣ አክስቱ ቤት እየኖረ ይማራል። ኢብራሂም ከሁሉም ተስፋ የጣለው በእሱ ላይ ነበር። ሙላው ሳይስቅ ገባ፣ ብልቃጡን በሁለት እጁ አስቀመጠልኝና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩት።

አምስቱ ሽንት እንደ ማንኛውም ሽንት ነበር። የሙላው ግን ብልቃጡን ከመስኮቱ ብርሃን ሳስጠጋው ውሃ መሰለኝ። የሽንት ክብደት የሚለካው ተንሳፋፊ የብርጭቆ ዘንግ በሌሎቹ ሽንት ውስጥ ከፍ ብሎ ቆሞ ነበር፤ በእሱ ውስጥ እስከ አንገቱ ሰመጠ። ሦስት ጊዜ ለካሁ። ሽንቱ እጅግ ቀጭን ነበር።

ኢብራሂም የልጆቹን ክብደት ከሚጽፍበት መዝገብ ላይ ደግሞ ሙላው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ኪሎ መቀነሱን አየሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያነበብኩት ትዝ አለኝ፤ ቦክሰኞች ክብደት ለማሟላት የሚያሸና መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ይህም የተከለከለ ነው። ብዙ ውሃ የጠጣ ሰው ሽንትም እንዲህ እንደሚቀጥን አላጣሁትም። ግን ክብደት ለመቀነስ የሚታገል ቦክሰኛ ውሃ ይሸሻል እንጂ አይጠጣም ብዬ አሰብኩ። አስተሳሰቤ በጣም የተስተካከለ መሰለኝ፤ እንዲያውም ኮራሁበት። በወረቀቱ ራስጌ ላይ ጋሽ ፈንታው የሚሞሉት ባዶ መስመር ነበር። ባዶውን ተውኩት። ከታች ደግሞ «የሚያሸና መድኃኒት ሳይወስድ አልቀረም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ተስፋሁን ሙላውን ይዘውት መጡ። ልጁ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነበር። ክንዱን እንዲዘረጋ ስነግረው ወደ ኋላ አለ።

«ዛሬ አልችልም። ነገ በጠዋት ይቅዱኝ» አለ፤ ድምፁ ከነጠላው ውስጥ ነበር የሚመጣው።

«ነገማ ከሰውነትህ ወጥቶ ያልቃል!» አሉ አቶ ተስፋሁን። «የሚፈራው ለምንድን ነው? ንጹሕ ሰው ደሙን ይፈራል?»

ሙላው ክንዱን ነጠላው ሥር ደብቆ ደሙን ሳይሰጥ ወጣ። እኔ በእጄ የያዝኩትን መርፌ እያየሁ ቆሜ ነበር። ቀና ብዬ ፊቱን ባየው ኖሮ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሰው ነጠላ እንዴት እንደሚታጠፍ የማላውቅ የሰቆጣ ልጅ አይደለሁም።

ቀትር ላይ አቶ ተስፋሁን ወረቀቴን በኢብራሂም መጋዘን በር ላይ ለጠፉት። የሙላው ስም ከቡድኑ ተሰርዞ በምትኩ ሌላ ልጅ ገባ። አቶ ተስፋሁን ስልክ ቤት ሄደው አዲሱን ስም ለደሴ አስመዘገቡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ገበያው ሁሉ የደሃናው ቦክሰኛ በመድኃኒት ተያዘ ይል ነበር።

ጋሽ ፈንታው አሥር ሰዓት ላይ ከሰሃላ ገቡ። አቧራቸውን ሳያራግፉ ወደ ላቦራቶሪው መጥተው በሌሉበት የሠራሁትን መዝገብ አንድ በአንድ አዩ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋሉ። የሙላው ወረቀት ቅጂ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ባዶው መስመር ላይ ቆመ።

«ምን ጠጣ?» አሉኝ።

«አልጠየቅሁትም።»

«ይህንን መድኃኒት በዓይንሽ አየሽው?»

«አላየሁም፣ ጋሼ። ገምቼ ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። መዝገቡን ዘግተው፣ ባዶ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝና «ልጁ ያለበትን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

የሙላው አክስት ቤት ከገበያው በላይ ነው። ስደርስ ሙላው ደጃፉ ላይ ልብሱን በከረጢት እየከተተ ነበር፤ ሊነጋጋ ሲል ወደ ደሃና ሊነሣ ነው። አክስቱ አይተውኝ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ግቢም አላሉኝም። ቆሜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማላውቀውን ወንድ ዓይኑን እያየሁ ጠየቅሁት።

«ቅዳሜ ጠዋት ወደ እኔ ከመምጣትህ በፊት ምን ጠጥተህ ነበር?»

«ጠበል» አለኝ።

ሆዱን ያመው ነበር። ከጉዞው በፊት ለመዳን ሰባት ቀን ሱባኤ ገባ። ማታ አንድ ጊዜ ቆሎ ይቀምሳል፤ ንጋት ላይ በባዶ ሆዱ፣ ሆዱ እስኪነፋ ድረስ ጠበል ይጠጣል። ቅዳሜም ሦስት ጣሳ ጠጥቶ ነው የመጣው። ሱባኤውን እሑድ ጠዋት በቁርባን ፈጸመ። የቆረበ ሰው በዚያ ዕለት ደሙ እንዳይፈስ ይጠነቀቃል፤ ምራቁን እንኳ አይተፋም። ለኢብራሂም አመመኝ ካለው ያስቀረዋል። ለአቶ ተስፋሁን ሱባኤ ላይ ነበርኩ ቢላቸው ደግሞ ሱባኤ አይወራም፤ የንስሐ አባቱ በአንተና በእግዚአብሔር መካከል ይሁን ብለውታል።

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አልጠየቁኝማ» አለ። «ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር። በሱባኤ ላይ ሆኜ እንዴት እዋሻለሁ?»

በዕድሜ ብዙም አልበልጠውም፤ እርስዎ ያለኝ ለነጩ ጋወን ብሎ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ለመነኝ። ይህን የነገረኝን ለማንም እንዳልነግር። ቃል ገባሁለት። ዛሬ የምጽፈው እሱ ራሱ ስለፈቀደልኝ ነው።

ተመልሼ ለጋሽ ፈንታው ምክንያቱን ማወቄን፣ ልናገረው ግን እንደማልችል ነገርኳቸው። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ገምተውት ይመስለኛል። አብረን ወደ ኢብራሂም መጋዘን ሄድን። በመንገድ ላይ ለአቶ ተስፋሁን እሳቸው እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው። በትልቅ ሰው ቢነገር ይሰማል አልኳቸው።

«ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ፊርማ ነው?» አሉኝ።

መጋዘኑ ውስጥ አቶ ተስፋሁንና ኢብራሂም ጓንቶቹን በሳጥን እየከተቱ ነበር። ተናገርኩ። የጻፍኩት ግምት እንደነበር፣ በምርመራ የታየው ሽንቱ ቀጭን መሆኑ ብቻ እንደሆነ፣ ሽንት ደግሞ ያለ ምንም መድኃኒት ሊቀጥን እንደሚችል ነገርኳቸው።

አቶ ተስፋሁን ክፉ ሰው አይደሉም። ደክሟቸው ነበር። ዝርዝሩ በስልክ መተላለፉን፣ ምዝገባውም መዘጋቱን፣ አሁን ምንም ቢደረግ ሙላው እንደማይሄድ ነገሩኝ። ከዚያ እንደ ወንድም ሊመክሩኝ ቀረብ አሉ።

«ተይው፣ እኅቴ። ወረቀቱን ማታ እኔ ራሴ ከበሩ ላይ እነሣዋለሁ። አንቺ ተሳሳትኩ ብለሽ ብታውጂ፣ ከነገ ጀምሮ ማን ደሙን ይሰጥሻል?»

እውነቱን ለመናገር ምክሩ ልቤን አሳረፈው። ወረቀቱ ከበሩ ላይ ሲነሣ የእኔም ጥፋት አብሮ የሚነሣ መሰለኝ።

«ውድድርስ ለከርሞም አለ» አለ ኢብራሂም፣ ዓይኑን ከጓንቶቹ ሳያነሣ። «ወረቀቱ ቢነሣ ገበያው ያነበበውን ይረሳል? የልጁን ስም ማን ያነሣለታል?»

ወደ ላቦራቶሪው ተመልሼ ጋሽ ፈንታው ባኖሩልኝ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ስለመጡት ዓመታት ትንሽ ልበል። ከዚያ ወዲህ ከላቦራቶሪያችን ለስፖርተኛ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ «ይህ ምርመራ አበረታች መድኃኒት መኖሩንም ሆነ አለመኖሩን ማሳየት አይችልም» የሚል መስመር ነበረው። የቡድን መሪዎቹ አልወደዱትም፤ እኛም አላወጣነውም። ደም ይሻላል ሽንት ይሻላል የሚለው ክርክር በሌላ ዓመትም መጣ፣ ሁለቱንም ወገን ሰማሁ። መሣሪያው ላለው ሰው ሁለቱም ያስፈልጋሉ ብዬ አምናለሁ። ሙላው በሚቀጥለው ዓመት ወልድያ ላይ ተጋጠመ። በነጥብ ተሸነፈ። ኢብራሂም ዳኛው ዕውር ነው ይላል፤ እኔ ቦክስ አላውቅም። በማላውቀው ላይ አልፈርምም። አቶ ተስፋሁን ደሙን ማን ይሰጥሻል ያሉት ግን አልሆነም። ስምንት ዓመቴን ስጨርስ በሰቆጣ ያልነካሁት ክንድ ጥቂት ነው፤ ይህንንም ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው።

ያን ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ቡድኑ ወደ ደሴ የሚያልፍበት የወልድያው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ቡድኑን ሊሸኝ የመጣው ሰው ከጠበቅሁት በላይ ነበር፤ የልጆቹ እናቶች፣ የሱቅ ሰዎች፣ ተማሪዎች። ሙላው ወደ ደሃና አልሄደም። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የጓደኞቹን ሻንጣ በገመድ ያስር ነበር። ከታች የሚያቀብሉት ሰዎች ቀና ብለው አያዩትም።

ነጩን ጋወኔን እንደለበስኩ ከአውቶቡሱ በር አጠገብ ቆምኩና ወረቀቱን ዘረጋሁ። ስሜን አልኩ። የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆኔን አልኩ። ሙላው መድኃኒት ወስዷል ብዬ የፈረምኩት በምርመራ የታየ ሳይሆን የእኔ ግምት መሆኑን፣ መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ መጻፌን፣ ጥፋቱም የእሱ ሳይሆን የእኔ መሆኑን አነበብኩ። ሳነብ ከወረቀቱ ዓይኔን አላነሣሁም። የሞተሩ ጩኸት ድምፄን ይውጠው ነበር። ጨርሼ ቀና ስል ሙላው ገመዱን እንደያዘ ቆሟል።

ኢብራሂም ከሕዝቡ ኋላ ነበር። ሄዶ ለሾፌሩ አንድ ነገር ነገረው፤ ሞተሩ ጠፋ።

«ከኋላ ያለነው አልሰማንም» አለ።

ወረቀቱን አቃናሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከስሜ ጀምሬ፣ ሁሉንም እንደገና አነበብኩት።